ከኮርኒስ ሥር ያለችው ቀዳዳ

ሐምሌ ላይ ቡራዩ፣ ሱሉልታ ወይም ሰበታ ያለ የብሎኬት ቤት ገብታችሁ ቁም ሳጥኑን ከግድግዳው ፈቀቅ ብታደርጉት ከኋላው ጥቁር ነጠብጣብ ማግኘታችሁ አይቀርም። ሻጋታ ነው። ባለቤቱ «ግድግዳው ውሃ ያስገባል» ብሎ ቀለም ይገዛል፤ በሚቀጥለው ክረምት ጥቁሩ በአዲሱ ቀለም ላይ ተመልሶ ይወጣል። አብዛኛውን ጊዜ ውሃው ከውጭ የመጣ አይደለም። ቤተሰቡ ሲተነፍስ ያደረው ነው።

የሚጠራጠር ሰው የላስቲክ ቁራጭ ግድግዳው ላይ አድርጎ አራቱንም ጠርዝ በፕላስተር ያሽገውና ሁለት ቀን ይጠብቅ። ጠል በክፍሉ በኩል ከታየ ከቤቱ አየር የመጣ ነው፤ ከላስቲኩ ጀርባ ከታየ ግድግዳው ራሱ ረጥቧል። የሚያፈስ ጣሪያና ከመሠረት የሚወጣ እርጥበት የግንበኛ ጉዳይ ናቸው።

በ2015 ዓ.ም. ሸገር ከተማ ውስጥ የተጠቃለሉት እነዚህ ከተሞች ደገኞች ናቸው። ሱሉልታ ከእንጦጦ ጀርባ፣ ከ2500 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት። ሌሊቱ ይበርዳል፤ ግድግዳውም አብሮ ይቀዘቅዛል። የጎጆው ክዳን ጭስም እንፋሎትም ያሳልፍ ነበር፤ የጭቃ ግድግዳም እርጥበት ይመጥና ቀስ ብሎ ይመልሳል። ሲሚንቶ ልስን፣ ዘይት ቀለምና በደንብ የሚገጥም የብረት መስኮት ይህን ሁሉ ዘጉት።

ቡራዩ ተከራይቼ ስኖር የመኝታ ክፍሌ ግድግዳ ከኮርኒሱ ሥር አንድ ስንዝር የምትሆን ቀዳዳ ነበረችው። በጨርቅ ተደፍናለች። አከራዬን፣ «እማማ፣ ይቺን ማን ደፈናት?» አልኳቸው።

«እኔ ነኛ ልጄ! ውጭው ዝናብ፣ ውጭው ጉም፤ እርጥበቱን ሁሉ ወደ ቤት ልጥራው እንዴ?»

በዚህ ጉዳይ ከሚነገሩ ስሕተቶች ሁሉ የሚያንገበግበኝ ይህ ነው፤ እውነት ስለሚመስል። አየር ሲሞቅ ብዙ ውሃ ይሸከማል፣ ሲቀዘቅዝ ያራግፋል። በ10 ዲግሪ ሙቀት አንድ ሜትር ኩብ አየር ቢበዛ 9 ግራም ተኩል ያህል ውሃ ነው የሚይዘው፤ ጉም ሆኖ እንኳ ከዚያ እምብዛም አያልፍም። ያው አየር ቤት ገብቶ 18 ዲግሪ ሲደርስ እስከ 15 ግራም ተኩል መሸከም ይችላል። ስለዚህ የክረምቱ የንጋት አየር፣ ቆዳችንን ቢያረጥበውም፣ ቤት ገብቶ ሲሞቅ የተጠማ አየር ይሆናል፤ ከክፍሉ ስድስት ግራም ያህል ጠጥቶ ይወጣል።

የተኛ ሰው በሰዓት ከ30 እስከ 40 ግራም ውሃ በትንፋሹና በላቡ ይለቃል። አራት ሰው ስምንት ሰዓት ቢተኛ አንድ ሊትር ገደማ ማለት ነው። 30 ሜትር ኩብ የሆነ ክፍል አየሩ አንድ ጊዜ ሙሉ በሙሉ ሲቀየር 180 ግራም ያህል ይዞ ሊወጣ ይችላል። ስለዚህ በሰዓት አንድ ጊዜ ያህል ቢቀየር ይበቃል። ካልተቀየረ ትርፉ ቀዝቃዛውን ቦታ ፈልጎ ያርፋል፤ የቤቱን ማዕዘን፣ የቁም ሳጥኑን ጀርባ። ሻጋታ ደግሞ ውሃ እስኪንጠባጠብ አይጠብቅም፤ እርጥበት ይዞ የሚቆይ ግድግዳ ይበቃዋል።

እንግዲህ ምርጫው። ለመኝታ ክፍል ከኮርኒስ ሥር አንድ ቀዳዳ፣ በር ሥር ደግሞ ክፍተት ይኑር፤ ሞቃቱ ከላይ ሲወጣ ቀዝቃዛው ከታች ይገባል፣ መብራትም አይጠይቅም። ወንፊት ሽቦ ትንኝና አይጥ ይከለክላል። ለመታጠቢያ ቤትና እንጀራ ለሚጋገርበት ክፍል አየር ሳቢ ፋን ደግ ነው፤ ቱቦው ግን ወደ ውጭ ይውጣ። ኮርኒስ ላይ ተለቆ ሞራሌ ያበሰበሰ ፋን በዓይኔ አይቻለሁ። አውሮፓውያን የሚገጥሙት፣ የሚወጣውን አየር ሙቀት ለሚገባው የሚያቀብለው መሣሪያ ቤት በማሞቂያ ለማናሞቀው ለእኛ ገንዘብ ማባከን ነው።

እባካችሁ፣ የታጠበ ጋቢ መኝታ ክፍል ውስጥ አታስጡ። ብርድ ነው ብላችሁም ቀዳዳውን ደፍናችሁ ከሰል ይዛችሁ አትተኙ፤ ከከሰል የሚወጣው መርዘኛ ጋዝ ሳይሸት ይገድላል።

አከራዬ ሒሳቡን ሳይሆን ጋቢያቸውን አመኑ። ጨርቁን አውጥተን ሽቦ ሠራንበት፣ ቁም ሳጥኑንም አንድ ስንዝር ከግድግዳው አራቅነው። መስከረም ላይ ሳጥን ውስጥ የነበረው ጋቢ ሳይሻግት ወጣ። ጥቅምት ሲገባ ግንበኛ ጠርተው በልጆቹ መኝታ ክፍልም ሁለተኛ ቀዳዳ አስበሱ።