ገመዱ ሲጠብቅ ጤፍ ሁለት ዋጋ ያወጣል

ለአምቦ፣ ለጉደርና ለጊንጪ እህል ነጋዴ ኬላ አዲስ ነገር አይደለም። በደርግ ዘመን የእርሻ ሰብል ገበያ ድርጅት ዋጋ ይተምን፣ ገበሬው ላይ ኮታ ይጥል ነበር። በ1982 ዓ.ም. ቅይጥ ኢኮኖሚ ሲታወጅ ይህ ቀረ ተባለ። በ2015 ዓ.ም. ግን ነጋዴዎች ከኦሮሚያ ወደ አዲስ አበባ ጤፍ እንዳናስገባ ኬላ ላይ ታገድን ሲሉ አማረሩ፤ የመዲናዋ ጤፍም በኩንታል 10 ሺህ ብር ገደማ ደረሰ።

ሒሳቡ ቀላል ነው፦ ገመዱ ሲጠብቅ አምቦ ላይ ገዢ ይጠፋል፣ እህል በረንዳ ላይ ሻጭ። ትርፉን የማሳለፊያ ዘዴ ያለው ይበላዋል። ድምፅ ሰጥቶ የሾማቸው ባለሥልጣናት ግን ጣታቸውን ደላላው ላይ ይቀስራሉ (ደላላውም ንጹሕ ነው አላልንም)። የጉደር ገበሬ ደግሞ ማዳበሪያውን የሚገዛው በወረደው ዋጋ ሸጦ ነው።