ለወባ ትንኝ የሚለቀቅ ዓሣ፤ የአገሩ ወይስ የባዕዱ?

በጅቡቲ ከተማ ዝናቡ ጥቂት፣ ሙቀቱ ብርቱ ስለ ሆነ፤ ሕዝቡ ውሃን በበርሜልና በገንዳ አጠራቅሞ ይይዛል። በአምቡሊ ሸለቆ ያሉት የአትክልት ቦታዎችም በጉድጓድ ውሃ ይለማሉ። ይኸው የተጠራቀመ ውሃ ለሰው ሕይወት እንደ ሆነ ሁሉ፤ ለወባ ትንኝም መራቢያ ይሆናል።

በ2012 (ዓመቶቹ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) አኖፌለስ ስቴፌንሲ የተባለች የእስያ ትንኝ በዚህች ከተማ ተገኘች። ይህች ትንኝ ረግረግ ሳትሻ በየቤቱ በተጠራቀመ ውሃ ትራባለች። በዚያ ዓመት በጅቡቲ የተመዘገበው የወባ በሽተኛ 27 ብቻ ሲሆን፤ በ2020 ከ73,000 በላይ ሆነ። ትንኟም በ2016 በኢትዮጵያ በቀብሪ ደሃር ታየች፤ በ2022 በድሬዳዋ ከተነሣው የወባ ወረርሽኝ ጋር ስሟ ተያይዞ ተነሥቷል።

ትንኟ ገና በውሃ ውስጥ ትል ሳለች ለማጥፋት፤ ትሏን የሚበላ ዓሣ በውሃው ውስጥ መልቀቅ የታወቀ ዘዴ ነው። ሆኖም የትኛው ዓሣ፣ በየትኛውስ ውሃ እንደሚለቀቅ አስቀድሞ መመርመር ይገባል።

ጅቡቲ የራሷ ዓሣ አላት። ሊቃውንት አፋኒዩስ ዲስፓር የሚሉት ይህ ዓሣ ከጣት የማይረዝም ሲሆን፤ በቀይ ባሕርና በኤደን ባሕረ ሰላጤ ዳርቻ ይኖራል፤ ጨዋማውንም ጣፋጩንም ውሃ ይችላል፤ ሙቀትም አያሸንፈውም። የጅቡቲ የጤና ሠራተኞች ይህንኑ ዓሣ የትንኝ ትል ከሚገድል የባክቴሪያ መርዝ ጋር አጣምረው ለወባ መከላከያ ማዋላቸው በ1988 በታተመ ጽሑፍ ተገልጧል። በአሰብ ወደብ ከተማም ዓሣው በጉድጓድ፣ በውሃ ማጠራቀሚያና በበርሜል ተለቆ የትንኙን ትል እንደ ቀነሰ በ1992 ተጽፏል።

ከሰሜን አሜሪካ የመጣው ጋምቡዚያ የተባለው ዓሣ ግን ታሪኩ ሌላ ነው። ይህም ትንሽ ነው፤ ይህም የትንኝ ትል ይበላል፤ ስለዚህም በብዙ አገር ተበትኗል። ነገር ግን የሌሎችን ዓሦች እንቁላልና ጫጩት ይበላል፤ ክንፋቸውንም እየነከሰ ያቆስላል። በ1921 ወደ ስፔን በገባ ጊዜ የጅቡቲው ዓሣ የቅርብ ዘመድ የሆነውን የአገሩን ትንሽ ዓሣ ከብዙ መኖሪያው እየገፋ አስወጣው። ለአንድ ጥቅም የገባው እንግዳ ያንኑ ሥራ ሊሠራ ይችል የነበረውን ባለ አገር አጠፋ ማለት ነው።

ነገሩ በትልቅ ሐይቅ ላይ ሲሆን ጉዳቱ ይበረታል። በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ መጀመሪያ ናይል ፐርች የተባለው ነጣቂ ዓሣ በቪክቶሪያ ሐይቅ ተጨመረ። ይህ ዓሣ ክብደቱ ከ100 ኪሎ ሊያልፍ ይችላል። ብዙ ዓመት ቆይቶ በ1980ዎቹ በድንገት በዛ፤ በሌላ ስፍራ የማይገኙ 200 ያህል የትንንሽ ዓሦች ዝርያዎችም ጠፉ ወይም ሊጠፉ ተቃረቡ። ሥጋው ወደ ውጭ አገር እየተሸጠ ብዙ ገንዘብ ማስገባቱ እውነት ነው። የአስጋሪው መረብ ግን ብዙ ዓይነት ዓሣ ይዞ መውጣቱ ቀረ፤ ገበያው በናይል ፐርች፣ ከውጭ በገባው ቆሮሶና ዳጋ በሚባለው ትንሽ ዓሣ ላይ ተንጠለጠለ። ናይል ፐርችም ጋምቡዚያም በዓለም እጅግ ጎጂ ከተባሉት 100 መጤ ዝርያዎች መዝገብ ገብተዋል።

ይህ ማለት ናይል ፐርች በተፈጥሮው ክፉ ነው ማለት አይደለም። በባሮ ወንዝና በጫሞ ሐይቅ ባለ አገር ነው፤ በዚያ ያሉት ዓሦችም ከእርሱ ጋር መኖርን የለመዱ ናቸው። በጣና ሐይቅ ግን የለም፤ 40 ሜትር ያህል የሚወርደው የጢስ ዓባይ ፏፏቴ ከታች የሚመጣውን ዓሣ አግዶታል። በዚህም ምክንያት በጣና ከ10 የሚበልጡ በሌላ ስፍራ የማይገኙ የባርበስ ወገን ዓሦች ሊኖሩ ችለዋል። ተፈጥሮ በፏፏቴ የዘጋችውን በር ሰው በባልዲ ሊከፍተው ይችላል።

ስለዚህ ዓሣ ከመልቀቅ አስቀድሞ ሦስት ነገር መጠየቅ ይገባል። ዓሣው የዚያው አገር ነውን? የተፈለገው ምግብ ሲያልቅበት ምን ይበላል? ሥራው ባያምር ተመልሶ ሊወጣ ይችላልን? በበርሜል ወይም በገንዳ የተለቀቀ ዓሣ በወንፊት ይወጣል፤ በሐይቅና በወንዝ የተለቀቀው ግን አይመለስም። የአዋሽ ውሃ ከኢትዮጵያ ደጋ ተነሥቶ በጅቡቲ ወሰን በአቤ ሐይቅ እንደሚያልቅ ሁሉ፤ በአንዱ ሰው እጅ የተለቀቀ ዓሣ በለቃቂው ቀበሌ ብቻ አይቀርም።

እንግዲህ የቤት ባለቤት በርሜሉን ይክደን፤ ሊከደን ለማይችለው ጉድጓድና ገንዳ ደግሞ ከጤና ሠራተኞች ጋር ተማክሮ የአገሩን ዓሣ ያኑር። አትክልተኛውም ከሩቅ ያመጣውን ዓሣ በቦይና በወንዝ አይልቀቅ። ባለ ሥልጣንም ሐይቅን በእንግዳ ዓሣ አበለጽጋለሁ ሲል፤ አስቀድሞ አስጋሪውንና የዓሣ ሊቃውንትን ይጠይቅ። የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም እንደሚባለው፤ የተለቀቀም ዓሣ አይታፈስም።