የኋላ ሾክ መቆለፊያና የእንጦጦ ዳገት

ከቀበና ተነሥቶ በፈረንሳይ ለጋሲዮን በኩል ወደ እንጦጦ የሚወጣ ብስክሌተኛ ሁለት ባላጋራዎች ይገጥሙታል፤ አንደኛው ዳገቱ፥ ሁለተኛው አየሩ ነው። አዲስ አበባ በ2,400 ሜትር ገደማ ላይ ስትገኝ፥ የእንጦጦ ጫፍ ግን ከ3,000 ሜትር ያልፋል። በዚያ ከፍታ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠረፍ ካለው 70 ከመቶ ያህል ብቻ ስለሆነ፥ ሳንባችን የሚያገኘው ኦክሲጅን በዚያው ልክ ያንሳል። ጉልበት እንዲህ በተወደደበት ቦታ አንዲት የፔዳል ዙር እንኳ በከንቱ ልትጠፋ አይገባም። ስለ ኋላ ሾክ መቆለፊያ ልንጽፍ ያሰብነውም ከዚህ የተነሣ ነው።

በመጀመሪያ የዕቃውን አሠራር እንመልከት። ሾኩ በብስክሌቱ ዋና አካልና የኋላውን ጎማ በያዘው ክንድ መካከል የተገጠመ ነው። ሞላው፥ የብረትም ይሁን የታመቀ አየር፥ የመንገዱን ምት ይቀበላል፤ ዘይቱ ደግሞ በጠባብ ቀዳዳዎች እየሾለከ ንጥረቱን ያበርዳል። መቆለፊያው ይህን የዘይት መተላለፊያ የሚያጠብ ወይም የሚዘጋ ትንሽ እጀታ ነው። በብዙዎቹ ላይ ሦስት ደረጃ አለው፤ ይኸውም ክፍት፥ መካከለኛና ቁልፍ።

እንግዲህ የትኛው ለየትኛው መንገድ ይሆናል?

1ኛ/ የአስፋልት ዳገት። በረገጥን ቁጥር ሰውነታችን ከፍ ዝቅ ሲል ሾኩም አብሮ ይጨመቃል። ከጉልበታችን ከፊሉ ወደ ጎማው በመሄድ ፈንታ ዘይት በማሞቅ ያልቃል። ስለዚህ በለሰለሰ መንገድ፥ ይልቁንም ከኮርቻ ተነሥተን ስንረግጥ፥ መቆለፍ ተገቢ ነው።

2ኛ/ ድንጋያማ ዳገት። ብዙ ጓደኞቻችን «ዳገት ሁሉ ቁልፍ ይፈልጋል» ይላሉ። ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም። በባሕር ዛፉ መካከል ባለው ሥርና ጠጠር በበዛበት መንገድ የተቆለፈ ብስክሌት የኋላ ጎማው ይዘላል፤ የዘለለ ጎማ መሬት አይነካም፤ መሬት ያልነካ ጎማም ወደ ፊት አይገፋም። እዚህ ላይ የሚሻለው መካከለኛው ነው፤ መንገዱ እጅግ ከከፋም ክፍቱ።

3ኛ/ ቁልቁለት። ሁልጊዜ ክፍት ይሁን። ሾኩ ተቆልፎ ሲወረድ ጎማው ስለሚነጥር ፍሬኑ የሚይዘው መሬት ያጣል፤ ከታች ደግሞ እግረኛ፥ አህያና ታክሲ ይጠብቁናል። በብዙ ሾኮች ውስጥ ኃይለኛ ምት ሲመጣ ዘይቱን የሚያሳልፍ መጠባበቂያ በር አለ፤ ሆኖም ዘወትር በእርሱ መመካት ዕቃውን ያስጎዳል፤ የመለዋወጫው ዋጋም ለተማሪ ኪስ ከባድ ነው። ስለዚህ ከጫፉ ላይ ፊታችንን ወደ ከተማ ከማዞራችን በፊት እጃችን እጀታውን ይፈትሽ።

አንድ ነገር ደግሞ እንጨምር። መቆለፊያ በልኩ ላልተሞላ ሾክ መድኃኒት አይደለም። እጀታውን ከፍተን፥ ቦርሳችንን እንደ ያዝን ቀስ ብለን ስንቀመጥ ሾኩ ከጠቅላላ እንቅስቃሴው ከ25 እስከ 30 ከመቶ ሊወርድ ይገባል፤ እንቅስቃሴው 50 ሚሊ ሜትር ከሆነ ከ12.5 እስከ 15 ሚሊ ሜትር ማለት ነው። ከዚህ አብልጦ ከወረደ በሾክ ፖምፓ አየር መጨመር፥ ካነሰም መቀነስ ነው። አንዱን ብስክሌት ለሁለት ለሦስት የምንጋራ ከሆነ ክብደታችን ስለሚለያይ ልኩ ባለተራው በተለወጠ ቁጥር ይታይ።

በ1949 ዓ.ም. ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ በተካፈለችበት በሜልበርን ኦሊምፒክ ብስክሌተኞቻችን ከ180 ኪሎ ሜትር በላይ የተወዳደሩት አንዳች ሾክ በሌለው ብስክሌት ነበር። ዕቃው እግርን ያግዛል እንጂ እግርን አይተካም። ነገር ግን ዛሬ ያለን ዕቃ ማገዝ የሚችል ከሆነ፥ አሠራሩን ሳያውቁ መንዳት ጉልበትንም ሕይወትንም ማባከን ነው።