የደብረ ማርቆስ ምሽግ በ1933 ዓ.ም. እንደ ምን ተለቀቀ?

ምሽግ ሲባል በሐሳባችሁ የሚታያችሁ የድንጋይ ካብ፥ የእሾህ ሽቦና መትረየስ ነው። ነገር ግን ካቡን የሚጠብቀው ሰው ነውና፥ ካቡ ሳይፈርስ ጠባቂው ጥሎት የሚሄድበት ጊዜ አለ። በደብረ ማርቆስ የሆነውም ይኸው ነው።

በጎጃም እነ ደጃዝማች መንገሻ ጀምበሬ፥ እነ ደጃዝማች ነጋሽ በዛብህ፥ እነ ልጅ ኃይሉ በለውና እነ በላይ ዘለቀ ጠላትን ዕረፍት ነሥተውት ነበር። ይሁን እንጂ መድፍ የሌለው አርበኛ ምሽግን ይከባል እንጂ ሰብሮ መግባት ይቸግረዋል።

ንጉሠ ነገሥት ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ጥር 12 ቀን 1933 ዓ.ም. በኦሜድላ በኩል ወደ አገራቸው ገቡ። ዊንጌት የተባለው እንግሊዛዊ መኰንን ሁለት ሺሕ ያህል የሱዳንና የኢትዮጵያ ወታደሮች ይዞ ወደ ጎጃም ደጋ ዘመተ፤ ጦሩንም «ጌዴዎን» ብሎ ሰየመው። መጽሐፈ መሳፍንትን ያነበበ ሰው ምክንያቱን ወዲያው ያውቀዋል። ጌዴዎን በ300 ሰዎች፥ በመለከትና በችቦ፥ የምድያምን ሰፈር በሌሊት ያሸበረ ነውና። የዊንጌትም ዘዴ ይኸው ነበር። ጥቂት ሰዎች በጨለማ ወደ ሽቦው ተጠግተው ቦምብ ይወረውራሉ፥ ይተኵሳሉ፥ ሳይነጋም ይሰወራሉ። በማግሥቱ ሌላው ምሽግ ይነካል። እንቅልፍ ያጣ ጠባቂ ጥቂቱን ሰው እልፍ አድርጎ ይቈጥራል።

የካቲት 25 ቀን ጠላት ቡሬን ለቀቀ። ይሁን እንጂ ድሉ ያለ ደም አልተገኘም፤ ይኸው የሸሸ ጦር በ27 ከደንበጫ አጠገብ ሁለተኛውን የኢትዮጵያ ሻለቃ አግኝቶ ክፉኛ ጐዳው።

ከዚያ በኋላ ከደብረ ማርቆስ በስተ ምዕራብ ባሉት ኮረብቶች ላይ የሌሊቱ ውጊያ ቀጠለ። እዚህ ላይ አንድ መራራ ነገር ሳይነገር አይታለፍም። በሽቦው ውስጥም በሽቦው ውጭም የቆመው አብዛኛው ሰው ሐበሻ ነበር። ኢጣልያኖች የንጉሥ ተክለ ሃይማኖትን ልጅ ራስ ኃይሉን፥ የጎጃምን ሕዝብ እንዲያባብሉላቸው ወደ ደብረ ማርቆስ አምጥተዋቸው ነበር። ከውጭ የመጣ ጦርነት በዚህ ስፍራ የእርስ በርስም ሆነ። ባንዳ የተባለው ሁሉ በልቡ ጠላት ነበር ብዬ ግን አልፈርድም፤ ብዙዎች ጠመንጃቸውን እንደ ያዙ ወደ ወገናቸው ከድተዋልና።

በሌላውም ግንባር ከረን መጋቢት 18 ቀን ወደቀ፤ የጎጃሙ ጦር ተስፋ ተሟጠጠ። መጋቢት 26 ቀን ጠላት ደብረ ማርቆስን ለቅቆ፥ አምበር በምትገኝበት አቅጣጫ ወደ ዓባይ ሸሸ፤ ወንዙንም ቢሻገር ግንቦት 15 ቀን እጁን ሰጠ።

መጋቢት 28 ቀን ንጉሠ ነገሥቱ ደብረ ማርቆስ ሲገቡ፥ በከተማው የቀሩት ራስ ኃይሉ ቀርበው እጅ ነሡ።