ከቁስሏ በፊት ትንፋሿን

ብርቄ ድናለች። ባለፈው ፎቶዋን ስለጥፍ «ምን አድርገሽላት ነው?» ያላችሁኝ ብዙ ስለሆናችሁ ለየብቻ ከምመልስ አንዴ ልጻፈው። ለማታውቋት፦ ብርቄ ግቢያችን ውስጥ ከጓደኞቿ ጋር የምትኖር ነጭ ዳክዬ ናት። በአጥር ቀዳዳ የገባ የሰፈር ውሻ ክንፏን ከሥሩ ነክሶ፣ ጭኗን ቦጭቆ ጥሏት ሄደ።

እንዲህ ሲሆን የሁላችንም እጅ የሚሮጠው ወደ ቁስሉ ነው። ደም እየፈሰሰ ከሆነ ልክ ነው፤ ንጹሕ ጎዝ አድርጎ ለጥቂት ደቂቃ ሳያነሱ መጫን ነው። ደሙ ከቆመ በኋላ ግን ቁስሉ ይቆይ። የተነከሰች ዳክዬን በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት የሚገድላት ብዙ ጊዜ ድንጋጤው፣ ብርዱና እኛው ልናድናት ስንል የምናደርስባት ጭንቀት ነው።

ምክንያቱ አተነፋፈሷ ላይ ነው። እኛ ስንተነፍስ ከሳንባችን በታች ያለው ዲያፍራም የሚባል ጡንቻ ይሠራል። ወፎች ይህ የላቸውም። አየር የሚያስገቡት የደረታቸውን አጥንት ወደ ታችና ወደ ላይ በማንቀሳቀስ ነው። ስለዚህ አዝኖላት ደረቷን ጥብቅ አድርጎ ያቀፋት ሰው፣ አፍንጫዋ ክፍት ሆኖ እንኳ ሊያፍናት ይችላል። ሁለቱን ክንፎች ወደ ገላዋ ሰብስቡ፣ አንድ እጃችሁን ከሆዷ ሥር አድርጉ፣ ቀለል ያለ ጨርቅ ዓይኗ ላይ ጣል አድርጉባት። ከገበያ ዶሮ ስናመጣ እንደለመድነው እግሯን ይዞ መዘቅዘቅ የለም።

ከዚያ ካርቶን ውስጥ ድርቆሽ ወይም አሮጌ ፎጣ አንጥፎ፣ ጨለም ያለና ጸጥ ያለ ክፍል ውስጥ ማሳረፍ ነው። ሃይላንድ ላይ ሙቅ ውሃ ሞልቼ፣ በጨርቅ ጠቅልዬ በካርቶኑ አንድ ጎን ብቻ አስቀመጥኩላት፤ ሲሞቃት የምትሸሽበት ሌላ ጎን ያስፈልጋታል። የዳክዬ ጤነኛ የሰውነት ሙቀት ከ41 እስከ 42 ዲግሪ አካባቢ ስለሆነ ገላዋ ለእጃችሁ ቢፋጅ «ትኩሳት ያዛት» ብላችሁ አትደንግጡ። እግሯ መቀዝቀዙም ብቻውን ክፉ ምልክት አይደለም፤ ወደ እግር የሚወርደው ደም ሙቀቱን ለሚመለሰው ደም እያስረከበ ስለሚያልፍ እግሯ ጤነኛ ሆናም ቀዝቀዝ ይላል።

ውሃ በግድ አትጋቷት። የመተንፈሻዋ ቀዳዳ ምላሷ ሥር ነው ያለው፤ አፏን ከፍቶ ማንቆርቆር ውሃውን ሳንባዋ ውስጥ ማስገባት ነው። ምንቃሯ ጠርዝ ላይ ጠብ ሲደረግላት ራሷ ትውጠዋለች።

ከተረጋጋች በኋላ ቁስሉን ያጠብኩት አፍልቼ ባቀዘቀዝኩት የጨው ውሃ ነው፦ ለአንድ ሊትር 9 ግራም ጨው፣ በሻይ ማንኪያ አንድ ተኩል ገደማ። ቤታዲን ከሆነ የቀጭን ሻይ መልክ እስኪይዝ ማቅጠን ያስፈልጋል። አልኮል አይነካትም። ጎረቤቴ እትዬ፣ እግዜር ይስጣቸውና፣ «ፌጦና ነጭ ሽንኩርት ውቀጪና ለጥፊበት» ብለውኝ ነበር። አመስግኜ ተውኩት፤ የሚያቃጥል ነገር የቀረውን ጤነኛ ሥጋ ይጎዳል፣ ደግሞም በምንቃሯ ለቅማ ትውጠዋለች። (ቀጥለውም «አትታረድ፣ አትበላ፣ ምን ትሆንሻለች?» አሉኝ። ይሄንን መልስ አጥቼለት ሳቅሁ።)

አንድ ጥንቃቄ ግን አለ። የክንፏ የላይኛው አጥንት ባዶ ነው፣ ከአየር ከረጢቶቿም ጋር ይገናኛል። እዚያ ጋ አጥንት ተሰብሮ ቁስሉ ክፍት ከሆነ በሲሪንጅ ውሃ መርጨት ወደ መተንፈሻዋ ውሃ መላክ ነው። ሸፍናችሁ ወደ ሐኪም ውሰዷት። እኔም የወሰድኳት ቶሎ ነው፤ የውሻ ጥርስ ከላይ ትንሽ ቀዳዳ ትቶ ጀርሙን ከታች ይቀብራል። የወፍ መግል ደግሞ እንደ ደረቀ አይብ ጠጣር ስለሆነ ፈስሶ አይወጣም፤ ውስጥ ቁጭ ይላል። ቁስሉ ከላይ ገጥሞ «ዳነች» ካላችሁ በኋላ እብጠት የሚወጣው ለዚህ ነው። ሐኪሙ አንቲባዮቲክ አዘዘላት። ስሙንና መጠኑን እዚህ አልጽፍም፤ ተመዝና በክብደቷ የተሰጣት ነው። መድኃኒቱ ከሰውነቷ ወጥቶ እስኪያልቅ እንቁላሏም አይበላም። የሰው ማስታገሻ ግን በጭራሽ። ዲክሎፌናክ የሚባለው ማስታገሻ በደቡብ እስያ የታከሙ ከብቶችን ሬሳ የበሉ ጥንብ አንሳዎችን በሚሊዮን ፈጅቶ ሕንድ በ2006 እ.ኤ.አ. ለእንስሳት እንዳይሰጥ ከልክላለች።

ክንፉ የታሰረው ብቻውን፣ ታጥፎ ነው። ፋሻው ደረቷን የሚዞር ከሆነ ጣት የሚያስገባ ክፍተት ተዉለት፤ ያው የትንፋሽ ነገር ነው። የወፍ አጥንት ከኛ ይልቅ ፈጥኖ ስለሚገጥም ያለ ሐኪም ትእዛዝ አሥሮ ማቆየት መገጣጠሚያውን ያደርቀዋል።

ስለ መብል ብዙ አለኝ። ብቻዋን አትበላም፤ ዳክዬ የመንጋ ፍጥረት ናት። ጓደኛዋን በሽቦ ማዶ ሳስቀምጥላት ነው አንገቷን ያቀናችው። መኖዋን በውሃ ላላ አድርጌ፣ ተቀቅሎ የተፈጨ አተርና ቀጭን የተከተፈ ጎመን ጨመርኩበት። ትንሽ እየጣለች ኩሷ ደማቅ አረንጓዴ ከሆነ ሆዷ ባዶ ነው ማለት ነው፣ ሐሞት ብቻ ነው የሚወጣው።

የሻገተ እንጀራና የሻገተ በቆሎ «ለዳክዬ ምን አለበት» እየተባለ ይጣልላታል። አለበት። በ1960 እ.ኤ.አ. እንግሊዝ ውስጥ ከ100,000 በላይ ተርኪዎች ሲያልቁ የዳክዬ ጫጩቶችም አብረው አልቀው ነበር፤ አፍላቶክሲን የሚባለው የሻጋታ መርዝ የተገኘው ያኔ፣ ከኦቾሎኒ ፋጉሎ ነው። ከቤት ወፎች ሁሉ ዳክዬ ለዚህ መርዝ እጅግ ስስ ናት። አቮካዶም ለወፍ መርዝ ነው፣ ልጣጩን ግቢ ውስጥ አትጣሉ።

ቁስል ሳይኖራት የምታነክስ ዳክዬ ካለቻችሁ መኖውን ጠርጥሩ። የዳክዬ ጫጩት በአንድ ኪሎ መኖ 55 ሚሊ ግራም ያህል ኒያሲን የሚባል ቫይታሚን ትፈልጋለች፤ የዶሮ ጫጩት የሚበቃው ከዚህ ብዙ ያነሰ ነው። የዶሮ መኖ ብቻ የበላች እግሯ ይጎብጣል። የቢራ እርሾ ይረዳል። «አቴላስ?» ላላችሁኝ፦ እርሾው አለው፣ ግን አልኮልም ይቀረዋልና ለታመመች አልሰጥም።

ወደ ውሃ ለመመለስ አትቸኩሉ። ላባዋ ውሃ የማያስገባው ከጅራቷ ሥር ካለው እጢ ቅባት ወስዳ በምንቃሯ እያበጠረች ስታስተካክለው ነው። ታማ ሳታበጥር የከረመች ዳክዬ ሳፋ ውስጥ ብትገባ ትርሳለች፣ ይበርዳታል፣ ልትሰምጥም ትችላለች። እስከዚያው ጭንቅላቷን የምትነክርበት ጠለቅ ያለ ሳህን ይበቃታል፤ ዓይኗንና አፍንጫዋን የምታጥበው በዚያ ነው። ውሻው የነጨው ላባ ቶሎ ይበቅላል፤ ሐኪሙ በመቀስ የቆረጠው ግን ላባ እስክትቀይር ይቆያል።

በመጨረሻ፣ ስለ ጤነኛው እግር። በአንዱ እያነከሰች ስትከርም ሌላው ሸክሙን ስለሚሸከም መርገጫው ሥር ያብጣል፣ ሲሚንቶ ላይ ከሆነ በተለይ። ሰጋቱራ ወይም ድርቆሽ አብዙላት፣ እግሯን ገልብጣችሁ እዩ። መሐሉ ላይ ጥቁር ቅርፊት ካለ በጥፍር አትፈልቅቁት፤ ፎቶ አንሥታችሁ ለሐኪሙ አሳዩት።