ወርዶ የተመለሰው የኦከርን ጎረቤት እና ሲወርዱ የሚፈርሱት ክለቦቻችን

በወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታል ይላል ያገራችን ሰው። እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2023 የኦስሎው ቮለሬንጋ በመለያ ጨዋታ በክርስቲያንሱን ተሸንፎ ከኖርዌይ ዋናው ሊግ ሲወርድ፣ ምሳሩ በርግጥም በዝቶበት ነበር። በ1913 የተመሠረተ፣ አምስት ጊዜ ሻምፒዮን የሆነ የዋና ከተማ ክለብ፣ ገና ቀለሙ ያልደበዘዘ ስታዲየሙን ይዞ ሁለተኛ ዲቪዚዮን ገባ። ተፎካካሪዎቹ ሳቁ፤ ጋዜጦቹም አልማሩትም። ይሁንና ሊጉን ወደ አሥራ ስምንት ክለብ አስፍቶ ቮለሬንጋን ለማትረፍ የተጠራ አስቸኳይ ስብሰባ አልነበረም። “በልዩ ሁኔታ ታይቶ” የሚል ደብዳቤም ከየትም አልወጣም። ክለቡ ወረደ፤ በቃ።

ውድ አንባቢያን፣ የኖርዌይ ሁለተኛ ዲቪዚዮን ምናችሁ ሆነ ትሉን ይሆናል። ያገር ቤት ክለብ ሲወርድ ምን እንደሚገጥመው የሚያውቅ ሰው ግን ብዙ አይጠይቀንም። (በዚህ ጽሑፍ የውጭ አገሩን ዓመታት በፈረንጆች፣ ያገር ቤቱን ዓ.ም. እያልን በኢትዮጵያ አቆጣጠር አስፍረናል።)

ኦከርን በምሥራቁ የኦስሎ ክፍል የምትገኝ ሰፈር ናት። ለረጅም ዘመን የመጋዘንና የፋብሪካ መንደር ነበረች፤ አሁን በዙሪያዋ የመኖሪያና የቢሮ ፎቅ በፎቅ ላይ እየተነሳ ነው። ከኦከርን የምድር ባቡር ጣቢያ ወደ መሀል ከተማ አንድ ፌርማታ ብቻ ተጉዞ ሃስለ የወረደ፣ ወይም ባቡሩን ትቶ በእግሩ ያዘገመ ሰው፣ ቫለ ሆቪን ላይ የቮለሬንጋን ሜዳ ያገኛል። ምሥራቁ ኦስሎ ድሮ የወዛደሩ ወገን ነበር። ዛሬ ስደተኛው የሚበዛበት፣ ከፓኪስታኑም ከሶማሌውም ከኤርትራውም ጋር የእኛ ሰው ተጎራብቶ የሚኖርበት ነው። ባለጸጋው ምዕራቡን ይዟል። ቮለሬንጋ የምሥራቁ ክለብ ነው፤ ደጋፊዎቹም ይህን ለመናገር አያፍሩም።

ኢንቲሊቲ አሬና የሚባለው ስታዲየም በሴፕቴምበር 2017 ተከፈተ፤ ከ16 ሺህ በላይ ተመልካች ይይዛል። መሬቱን የኦስሎ ከተማ ለክለቡ የሸጠችለት በአንድ ክሮነር ነው። አንድ ክሮነር! ታዲያ ይሄስ የመንግሥት እጅ አይደለም ወይ የሚል አንባቢ ቢኖር አንፈርድበትም፤ እኛም ጠይቀናል። ልዩነቱ ከተማዋ መሬት ሰጠች እንጂ ነጥብ አልሰጠችም። በአንድ ክሮነር መሬት ላይ የተሠራው ስታዲየም ከስድስት ዓመት በኋላ የኤገርሱንና የሌቫንገር ቡድኖችን ተቀብሎ አስተናገደ።

የ2024ቱ ውድድር የሚጠራው ኦቦስ ሊግ ተብሎ ነው። ኦቦስ በ1929 የተቋቋመ የቤት ሠሪዎች የኅብረት ሥራ ማኅበር ሲሆን የሊጉ ስፖንሰር ነው። አሥራ ስድስት ክለቦች ከአፕሪል እስከ ኖቬምበር ሠላሳ ሠላሳ ጨዋታ ያደርጋሉ፤ ክረምቱን በረዶው አያስጫውትም። ሁለቱ በቀጥታ ያልፋሉ። ከሦስተኛ እስከ ስድስተኛ የወጡት እርስ በርሳቸው ተጋጥመው የቀረው አንዱ ከዋናው ሊግ አሥራ አራተኛ ጋር ይፋለማል። ቮለሬንጋ የወረደው በዚህችው በር ነበር።

የወረደ ክለብ ኪሱ ይሳሳል፤ የቴሌቪዥኑ ገንዘብ ያንሳል፣ ጥሩ ተጫዋች ይሸሻል። ግብ አስቆጣሪው አንድሬ ኢሊች ገና በክረምቱ ለፈረንሳዩ ሊል ተሸጠ። አሠልጣኙ ጌየር ባኬ ግን አልተባረረም። ክለቡን ይዞ የወረደው ሰው ክለቡን ይዞ እንዲመለስ ዕድል ተሰጠው። በእኛ አገር ልማድ ከመኪና ማቆሚያው እንኳ አያልፍም ነበር። ጅምሩም የሚያኮራ አልነበረም። በጸደዩ ቡድኑ ነጥብ ሲያባክን “ትልቅ ክለብ ነን” የሚሉት ደጋፊዎች ከሰንጠረዡ መሀል ሆነው ወደ ላይ ያንጋጥጡ ነበር። የገበሬ አገር ክለብ የሆነው ብሪነ፣ ኧርሊንግ ሃላንድን ያበቀለው፣ ከላይ ሆኖ ያያቸዋል።

ያ ዓመት ለኦስሎ ሰው ሌላም ጉድ ነበረበት። በዋናው ሊግ የቀረው ብቸኛ የኦስሎ ክለብ ከኤክቤርግ ኮረብታ የመጣው ትንሹ ኮ.ኤፍ.ኡ.ኤም ነበር። ስሙን ወደኛ ቋንቋ ብናመጣው ወወክማ ማለት ነው። አዎ፣ ያው ወወክማ፤ በንጉሡ ዘመን ስንቱ ያዲስ አበባ ወጣት ኳስ የለመደበትና ደርግ የዘጋው ማኅበር የኖርዌይ ወንድም። በ2023 ከኦቦስ ሊግ ሁለተኛ ሆኖ አልፎ በታሪኩ ለመጀመሪያ ጊዜ ከላይ ተቀመጠ፤ ታላቁ ቮለሬንጋ ከታች። የቮለሬንጋ ሴቶች ደግሞ በዚያው ሜዳ፣ በዚያው ማልያ፣ ከአርሰናል፣ ከባየርን ሙኒክና ከዩቬንቱስ ጋር በአውሮፓ ሻምፒዮንስ ሊግ ምድብ ይጫወታሉ። በ2023ም በ2024ም የአገሪቱ ሻምፒዮን ነበሩ። ወንዶቹ ቅዳሜ ከራውፎስ፣ ሴቶቹ በሳምንቱ መሀል ከአርሰናል! በክለቡ ቤት ማን ታላቅ ማን ታናሽ እንደሆነ ያ ዓመት ግራ አጋብቷል።

ከሁሉም በላይ የተጠበቀው የከተማው ደርቢ ነበር። ሊን የምዕራቡ ክለብ ነው፤ በ2010 ከስሮ ከታችኛው እርከን እንደገና ጀምሯል። ጆን ኦቢ ሚኬል የሚባለውን ናይጄሪያዊ ልጅ ማንቸስተር ዩናይትድና ቸልሲ በ2005 ሲሻሙት መሀል የነበረው ይኸው ክለብ ነው። ከቸልሲ ያገኘው በሚሊዮን የሚቆጠር ፓውንድ እንኳ ከክስረት አላዳነውም፤ ኖርዌይም ገነት አይደለችም። ከአሥራ ሦስት ዓመት መውጣትና መውረድ በኋላ ሁለተኛ ዲቪዚዮን ደረሰ፤ እዚያ ሲደርስ ጎረቤቱ ከላይ ወርዶ ጠበቀው። የሊን ሜዳ ቢስሌት ነው። ጥሩነሽ ዲባባ በጁን 2008 አምስት ሺህ ሜትርን በ14 ደቂቃ ከ11.15 ሰኮንድ ሮጣ የዓለም ክብረ ወሰን የሰበረችበት ያው ቢስሌት። ከእኛ ሰዎች ብዙዎቹ ቢስሌትን የሚያውቁት በዚያች ምሽት ነው፤ ኳስ እንደሚካሄድበት የሰሙት ከስንት ዘመን በኋላ።

ወደ መኸሩ ነገሩ ተለወጠ። ቮለሬንጋ ያሸንፍ ጀመር፤ ያሸነፈውን ያህል ስታዲየሙ ሞላ። ኦቦስ ሊግን አንደኛ ሆኖ ጨረሰ፣ ብሪነ ሁለተኛ። በ2000 ወርዶ በ2001 እንደተመለሰው ሁሉ አሁንም ባንድ ዓመት ተመለሰ።

እንግዲህ ይህን ሁሉ ያወራነው ወደ አንድ ጥያቄ ለመድረስ ነው። ክለቡ የማን ነው?

በኖርዌይ የስፖርት ሥርዓት ክለብ ማለት የአባላት ማኅበር ነው። ቱጃር ገንዘብ ሊያስገባ፣ የንግድ ኩባንያም ከክለቡ ጎን ሊቆም ይችላል። ቮለሬንጋም እንደ ቶር ኦላቭ ትረይም ያሉ ባለገንዘቦችን አይቷል። የስፖርቱ ሥልጣን ግን ከማኅበሩ እጅ አይወጣም። አባል በዓመታዊ ጉባኤ ይመጣል፣ ይናገራል፣ አንድ ድምፁን ይሰጣል። ስለዚህ ቮለሬንጋ ሲወርድ “ከእንግዲህ አያስፈልገንም፣ ይፍረስ” ብሎ የሚፈርም ሥራ አስኪያጅ በዚያ ቤት አይኖርም።

ይህ የአባላት ሥልጣን ጌጥ አለመሆኑን በዚያው ሰሞን በቪዲዮ ዳኝነቱ፣ በቫር፣ ጉዳይ አይተናል። በጁላይ 2024 ደጋፊዎች ከዓሣ የሚሠራ ክብ ጥብስ እና የቴኒስ ኳስ ወደ ሜዳ እየወረወሩ የሮዘንቦርግና የሊልስትረምን ጨዋታ አስቋረጡ። (ዓሣውን መብላቱ ይሻል ነበር፤ እሱን ለኖርዌጂያኑ እንተወው።) ጩኸቱ ወደ ክለቦቹ ጉባኤዎች ገባ። በ2025 መጀመሪያ ከሁለቱ ዲቪዚዮኖች 32 ክለቦች 19ኙ ቫር ይቅር አሉ። በማርች የፌዴሬሽኑ ጠቅላላ ጉባኤ ደግሞ በአብላጫ ድምፅ ይቀጥል ብሎ ወሰነ። የተሸነፉት ተበሳጩ፤ ነገር ግን የተለየ ፌዴሬሽን ለማቋቋም ሆቴል አልተከራዩም። በዚህ ክርክር የሁለተኛው ዲቪዚዮን ክለብ ድምፅ ከዋናው ሊግ ክለብ ድምፅ እኩል መቆጠሩን ልብ ይሏል።

አሁን ወደ አገራችን እንመለስ። የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ የወንዶች ቡድን በ2009 ዓ.ም. ከፕሪሚየር ሊጉ ወረደ። የመንግሥት ባንኩ ቡድኑን አፈረሰው። ቆይቶ ደግሞ እንደገና አቋቋመው፤ በ2015 ዓ.ም. ከከፍተኛ ሊግ አለፈ፤ ባለፈበት ዓመት፣ በ2016 ዓ.ም.፣ የኢትዮጵያ ሻምፒዮን ሆነ! ተጫዋቾቹና አሠልጣኙ ሊመሰገኑ ይገባል፤ ከታች መጥቶ በመጀመሪያው ዓመት ዋንጫ ማንሳት የትም አገር ብርቅ ነው። ነገር ግን ሲወርድ ያፈረሰውም ሲፈልግ ያስነሳውም ያው አንድ ቢሮ ነው። በመሀል የነበሩት ዓመታት ደጋፊው የት ነበር? ማን ጠየቀው? የጎንደሩ ዳሽን ቢራ በ2008 ዓ.ም. ወርዶ ከዚያ በኋላ ፈርሷል፤ እርሱን ደግሞ የሚያስነሳው አልመጣም።

ይህ ያንድ መንግሥት ኃጢአት አይደለም። ደርግ ክለቦችን በየመሥሪያ ቤቱና በየሚኒስቴሩ ሥር አዋቀረ። የጦሩ መቻል መከላከያ ተባለ፣ ከብዙ ዓመታት በኋላ ተመልሶ መቻል ሆነ፤ ሁለቱም ጊዜ ተመልካቹ ስሙን የሰማው ከተለወጠ በኋላ ነው። ኢሕአዴግ መጣ፣ ብልጽግና መጣ፤ ማልያው ላይ ያለው አርማ የመሥሪያ ቤት፣ የከተማ መስተዳድር ወይም የፋብሪካ እንደሆነ ቀጠለ። በመንግሥት ጋዜጣ አዘጋጅነት በሠራንባቸው ዓመታት፣ የአንድ ትልቅ መሥሪያ ቤት ቡድን የተሸነፈ ቀን “ተሸነፈ” የሚለው ርዕስ “ጥሩ ተጫውቶ ነጥብ ጣለ” ተብሎ እንዲታረም በስልክ ይነገረን ነበር። ነጥብ ጣለ! ኪሱ ቀዶ የወደቀበት ይመስል።

በኳስ ሳይሆን በመድፍ የወረዱም አሉ። መቐለ 70 እንደርታ የ2011 ዓ.ም. ሻምፒዮን ነበር። በ2013 ዓ.ም. ጦርነቱ ሲነሳ እርሱም፣ ወልዋሎ አዲግራት ዩኒቨርሲቲም፣ ስሑል ሽረም ከሊጉ ወጡ። ወደ ፕሪሚየር ሊጉ የተመለሱት በ2017 ዓ.ም. ነው። የእነርሱን መመለስ የሚቃወም አንጀት የለንም። ባዶ የቀሩት ዓመታት ግን በየትኛውም የደረጃ ሰንጠረዥ አይገቡም። በዚያው በ2013 ዓ.ም. የሊጉ ጨዋታዎች ለቴሌቪዥኑ ሥራ እንዲመቹ በተመረጡ ጥቂት ከተሞች መካሄድ ጀመሩ። የሲዳማ ቡና ደጋፊ ቡድኑን ባሕር ዳር፣ የባሕር ዳሩ ደግሞ ጅማ ድረስ ሄዶ እንዲያይ ተጠበቀ። ሜዳው ጎረቤት ያልሆነ ክለብ እንዴት የሰፈር ክለብ ይባላል?

ለእኛ ለስደተኞቹ ነገሩ እንግዳ አይደለም። በ1984 የተመሠረተው በሰሜን አሜሪካ የኢትዮጵያውያን ስፖርት ፌዴሬሽን በ2012 ተሰንጥቆ፣ ነባሩ በዳላስ፣ አዲሱ በሼክ መሐመድ አል አሙዲ ገንዘብ በዋሽንግተን ውድድር ሲያዘጋጁ፣ ሁላችንም ወገን ለይተን ተከራክረናል። ቤተሰብ የተኳረፈበት በጋ ነበር። ትኬቱም ኮንሰርቱም የደራው በየትኛው እንደነበር አንረሳም። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ግን በባለሀብቱ ኪስ የቆመው ስሙ ጠፋ፤ የክለብ ተወካዮች ተጨቃጭቀው በድምፅ የሚመሩት ቀጠለ።

ከቫለ ሆቪን ወሬ አንድ የቀረ አለ። ቮለሬንጋ በተመለሰበት በ2024 መጨረሻ ከዋናው ሊግ ከወረዱት አንዱ የዘመናት ባላንጣው ሊልስትረም ነበር፤ ከኦስሎ በባቡር ብዙ የማይርቅ። ባለፈው ዓመት የተሳቀበት የምሥራቁ ኦስሎ ሰው በተራው ሳቀ። ሊልስትረምን ለማዳንም ሊጉን ያሰፋ አልነበረም፤ ክለቡን ያፈረሰም። በ2025 ኦቦስ ሊግን አንደኛ ሆኖ ጨርሶ ተመለሰ።