የዋዛው ምስል ወዴት ነው?

በአሶሳ ዕድሜው ሃምሳን ያለፈ ሰው የድሮ ሙዚቃ ወሬ ሲነሣ ሁለት ከተሞችን አያይዞ ይጠራል፤ የሱዳኗን አምዱርማንንና አዲስ አበባን። የአምዱርማኑ በሬዲዮ የመጣ ነው። እ.ኤ.አ. በ1940 ሥራ የጀመረው ያ ጣቢያ የመሐመድ ወርዲንና የሰይድ ኸሊፋን ዜማ በኩርሙክ አቅጣጫ ድንበር አሻግሮ ያደርስ ነበር። ዐረብኛ ለብዙ የበርታ ብሔረሰብ ሰው ባዕድ ቋንቋ ስላልሆነ ዘፈኑ አስተርጓሚ አልፈለገም። የአዲስ አበባው ግን ዘግይቶ፣ በምስል መጣ። በሸክላና በካሴት ድምፃቸው ብቻ የሚታወቁት ጥላሁን ገሠሠና ማሕሙድ አሕመድ መልክና አለባበስ ያላቸው ሰዎች ሆነው የታዩት፣ ሰው በአንድ ቴሌቪዥን ዙሪያ ተጠጋግቶ በተቀመጠባቸው ምሽቶች ነው።

ያ ትውልድ ዛሬ ዘፈኑን በስልኩ ያገኘዋል። ያጣው ምሽቱን ነው፤ ከዘፈኑ በፊት የነበረውን የአስተዋዋቂ ንግግር፣ የስቱዲዮውን መጋረጃ፣ በበዓል ዋዜማ የሚጠበቀውን ልዩ ዝግጅት፣ «ኅብረ ትርኢት»ን፣ የእሑዱን «መቶ ሃያ»። አንዳንዱ ቁራጭ በዩቲዩብ ይገኛል። አብዛኛው ከቤት የቪኤችኤስ ካሴት የተገለበጠ ነው፤ ምስሉ ይንቀጠቀጣል፣ ቀለሙ ይፈስሳል፣ መጨረሻው ተቆርጧል። ሰው ግን አሁንም አሁንም ያየዋል።

ለአሶሳ ግን ናፍቆቱ ሌላ ጥያቄ ይጨምራል። በእነዚያ ዝግጅቶች ውስጥ የእኛስ ሰው የት አለ?

የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን የተከፈተው ጥቅምት 23 ቀን 1957 ዓ.ም.፣ በዐፄ ኃይለ ሥላሴ የዘውድ በዓል ዕለት ነው። በምሥረታው የብሪታንያው ቶምሰን ኩባንያ አግዟል፤ የመጀመሪያው ስቱዲዮም በአዲስ አበባ ማዘጋጃ ቤት ሕንፃ ውስጥ ነበር። ያ ዕለት በፈረንጆቹ 1964 ውስጥ ይውላል፤ በዚያው የፈረንጅ ዓመት በጃንዋሪ 1 ቀን ቢቢሲ «ቶፕ ኦፍ ዘ ፖፕስ» የተባለውን ሳምንታዊ የዘፈን ዝግጅቱን ጀምሮ ነበር። ሁለቱ የአንድ ዓመት ልጆች ናቸው፤ የዘመኑ መሣሪያም በሁለቱም ላይ የጣለው ፈተና አንድ ነው። ሁለት ኢንች ስፋት የነበረው የያኔው የቪዲዮ ቴፕ እጅግ ውድ ነበር። ደግሞ ከላዩ ላይ ሌላ ነገር መቅረጽ ይቻላል።

ቢቢሲ ያደረገውም ይህንኑ ነው። ከሙዚቀኞችና ከተዋናዮች ማኅበራት ጋር የነበረው ስምምነት ዝግጅትን ደጋግሞ ማስተላለፍን ይገድብ ስለነበር፣ አንድ ጊዜ የታየ ነገር ዳግም የሚፈለግ አልመሰለም። ባለ ቀለም ሥርጭት ሲመጣ ደግሞ ጥቁርና ነጩ ጭራሽ ዋጋ አጣ። በዚህ ምክንያት ከ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የ«ቶፕ ኦፍ ዘ ፖፕስ» ሥርጭቶች ሙሉ ሆነው የተገኙት በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። ቢትልሶች በዚያ መድረክ በአካል ቀርበው የተጫወቱት አንድ ቀን ብቻ፣ ጁን 16 ቀን 1966 ነበር። የዚያ ቀን ቴፕ የለም። እ.ኤ.አ. በ2019 የተገኘው፣ አንድ ተመልካች ቤቱ ተቀምጦ ከቴሌቪዥኑ መስኮት ላይ በፊልም ካሜራ ያነሣው 11 ሰከንድ ያህል የሆነ ድምፅ አልባ ቁራጭ ነው፤ እሱም በዓለም ዜና ሆነ። የተረፈውን ግን ብሪታንያውያን አልናቁትም። እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ ቢቢሲ 4 የተባለው ጣቢያ የ1976ን ዝግጅቶች በየሳምንቱ እንደ አዲስ ማስተላለፍ ጀመረ፤ ከዚያ ዓመት በዓመት እየተከተለ ቀጠለ። ሕዝቡ የገዛ ወጣትነቱን በኖረበት ቅደም ተከተል እንዲያየው ሆነ።

እኛ ዘንድ የመጀመሪያዎቹ ዓመታት ብዙ ሥርጭት በቀጥታ የሚተላለፍ ነበር፤ ከመብራቱ ጋር አብሮ የሚጠፋ። የዘመኑን ድምፅ ያዳነልን ሸክላ ነው። ዐምሃ እሸቴ በ1961 ዓ.ም. የጀመረው ዐምሃ ሪከርድስ፣ ካይፋ ሪከርድስም፣ ያሳተሟቸው ሥራዎች ባይኖሩ ኖሮ ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ እ.ኤ.አ. ከ1997 ጀምሮ «ኢትዮፒክስ» በሚል ስም ለዓለም የሚያወጣው ነገር ባልነበረው። የሸክላ ገበያ ግን የከተማ ገበያ ነበር። ለዋዛ የሚሆን ቦታ አልነበረውም።

ዋዛን ያላየ አንባቢ ይኖራልና ቆም ልበል። የበርታ ትንፋሽ መሣሪያ ነው፤ ረጃጅም ቅሎች ጫፍ ለጫፍ ተቀጣጥለው ይሠራል፤ ትልቁ ከሰው ቁመት ይበልጣል። አንዱ ዋዛ የሚያወጣው አንድ ድምፅ ብቻ ነው። ዜማ የሚፈጠረው ከአሥር የማያንሱ ነፊዎች እየተቀባበሉ፣ እያንዳንዱ የራሱን ድምፅ በራሱ ቅጽበት ሲጥል ነው። አንድ ሰው ቢጎድል ዜማው ቀዳዳ ይኖረዋል። ነፊዎቹ እየተራመዱ ይነፋሉ፤ ሴቶቹ እየዘፈኑ ይከቧቸዋል፤ ጨዋታውም የአዝመራ ወቅት ደስታ ነውና ሰዓታት ይወስዳል። በዚሁ አገር ቦል ነገሮ የሚባል የሸምበቆ ዋሽንቶችና የከበሮ ጨዋታም አለ፤ እሱም በቡድን እንጂ በነጠላ አይሆንም።

ይህን ይዞ ወደ ቴሌቪዥን ስቱዲዮ መግባት ምን ማለት እንደሆነ አስቡት። የዘፈን ዝግጅት ካሜራ የተማረው አንድ ድምፃዊ መሐል ላይ ቆሞ ሲዘፍን ፊቱን ማቅረብ ነው። ዋዛ ላይ የአንድን ነፊ ፊት ብታቀርብ ያነሣኸው አንድ ፊደል ነው፤ ቃሉ ከስክሪኑ ውጭ ቀርቷል። ለቴሌቪዥን የሚሰጠው ጊዜ ደግሞ ሦስት ወይም አራት ደቂቃ ነው። ስለዚህ ዋዛ በአገራዊ ቴሌቪዥን ሲቀርብ የኖረው በአብዛኛው እንደ ማሸጋገሪያ፣ ከዜና በኋላ ወይም በበዓል መሐል እንደሚገባ ውበት ነው። ከታች የሚጻፈውም የብሔረሰቡ ወይም የክልሉ ስም ነው፤ የነፊዎቹ ስም አይጻፍም። ጥላሁን ጥላሁን ተብሎ ሲቀረጽ፣ የአሶሳው አዛውንት «ባህላዊ ጨዋታ» ተብሎ ተቀረጸ። በእኔ እምነት የዚህ ታሪክ ትልቁ ጉድለት እዚህ ላይ ነው፤ ከቴፕ መበላሸትም ይብሳል፤ የተበላሸ ቴፕ ቢያንስ ምን እንደጠፋ ይታወቃል።

ስሙ ሳይጻፍ የቀረ ነገር ደግሞ ሲፈለግ አይገኝም። አሶሳ እስከ 1980 ዓ.ም. በወለጋ ክፍለ ሀገር ሥር አውራጃ ነበረች፤ መተከልም የጎጃም ነበር። ሁለቱ በአንድ ክልል የተጠቃለሉት ከደርግ ውድቀት በኋላ ነው። እንግዲህ በደርግ ዘመን ኪነት ቡድኖች በየክፍለ ሀገሩ ሲቋቋሙና ወደ አዲስ አበባ መድረክ ሲመጡ የተቀረጸ የበርታ፣ የጉሙዝ፣ የሺናሻ፣ የማኦ ወይም የኮሞ ጨዋታ ካለ፣ የማኅደሩ ካርድ ላይ «ቤንሻንጉል ጉሙዝ» ብሎ የሚፈልግ ሰው አያገኘውም። «ወለጋ» ወይም «ጎጃም» ብሎ መፈለግ አለበት። የዚያ ዘመን መዝገቦችም እነዚህን ሕዝቦች ዛሬ ማንም በክብር በማይጠራባቸው ስሞች ይጽፉ ነበር። ማኅደር ውስጥ የሚገባው ሰው ይህን የሚያውቅ የአካባቢው ልጅ ካልሆነ፣ ካሴቱ መደርደሪያ ላይ እያለ የለም ተብሎ ይቀራል።

የአሶሳ የሙዚቃ ትዝታ የበርታ ብቻ ነው ብሎ መጻፍም ስሕተት ይሆናል። በ1970ዎቹ በተካሄደው ሠፈራ ከወሎ ብዙ ሺሕ ሰው ወደዚህ መጥቷል፤ በቁጥር በሚጠሩ መንደሮችም ሰፍሯል። ባቲና አምባሰል የሚሉት የቅኝት ስሞች ወሎ ውስጥ ያሉ ቦታዎች ናቸው፤ ለሠፋሪውም በቴሌቪዥን የሚሰማው አምባሰል የተወለደበት ጋራ ስም ነበር። እነዚህ ሰዎች ቴሌቪዥን ሲመለከቱ የሚናፍቁት የትናንቱን ዘፈን ብቻ ሳይሆን ጥለውት የመጡትን አገር ነው። የሠፋሪው ልጅ ደግሞ ዋዛን እየሰማ አድጓል። በአንድ የገበያ ቀን አሶሳ ላይ የሚሰማው ሙዚቃ እስካሁን በማንም የቴሌቪዥን ዝግጅት በሙሉ አልተያዘም።

ኅዳር 29 ቀን 2007 ዓ.ም. የብሔር ብሔረሰቦችና ሕዝቦች ቀን በአሶሳ ሲከበር አገሪቱ በሙሉ ካሜራዋን ወደዚህ ላከች። ዋዛው በስታዲየም ተነፋ፣ በቀጥታ ተላለፈ። ያ ቀን ለከተማዋ ኩራት ነበር፤ ይህን ማንም አይክድም። ነገር ግን የበዓል ካሜራ የሚያነሣው ሰልፍን ነው። ነፊው ዋዛውን ከየት አገኘው፣ ቅሉን ማን ተክሎ ማን አደረቀው፣ የትኛው ዜማ ለየትኛው ጊዜ ነው፣ ማን ከማን ተማረ የሚሉት ጥያቄዎች በሰልፍ ላይ አይነሡም። ለዚህ የደከሙት ተመራማሪዎች ናቸው፤ የምሥራቅ አፍሪካን የትንፋሽ መሣሪያዎች በስፋት ያጠናችው ትምክህት ተፈራ አንዷ ናት። የተመራማሪ ቀረጻ ግን አብዛኛውን ጊዜ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ይቀመጣል፤ የተቀረጸው ሰው ቤት አይመለስም።

አሁን ጊዜው ጠቧል። ዩኔስኮና ዓለም አቀፉ የድምፅና የምስል ማኅደሮች ማኅበር ማግኔቲክ ቴፕን አጫውቶ ወደ ዲጂታል መቀየር የሚቻልበት ጊዜ እ.ኤ.አ. በ2025 ገደማ እንደሚያበቃ አስጠንቅቀው ነበር። ምክንያቱ የቴፑ ማርጀት ብቻ አይደለም። ማጫወቻው አይመረትም፤ መለዋወጫው አልቋል፤ መሣሪያውን መጠገን የሚችሉት ባለሙያዎች ጡረታ ወጥተዋል። ዩማቲክ ይሁን ቤታካም፣ ካሴቱ እጅህ ላይ እያለ የሚያጫውተው ከሌለ ፕላስቲክ ነው። ሥራው ደግሞ አይቸኮልም፤ የአንድ ሰዓት ካሴት ለመገልበጥ ቢያንስ አንድ ሰዓት ይፈጃል። ስለዚህ የትኛው ይቅደም የሚለው ውሳኔ የትኛው ይጥፋ የሚለውም ነው። ቅደም ተከተሉ በዝና ከወጣ ታዋቂዎቹ ድምፃውያን ይተርፋሉ፤ እነሱ ግን በሸክላም፣ በካሴትም፣ በሲዲም ተርፈዋል። ሌላ ቅጂ የሌለው የዋዛው፣ የቦል ነገሮው፣ የጉሙዙ ጨዋታ ነው መቅደም ያለበት።

የአምዱርማንን ያየ ሰው ይህን ለነገ አይልም። የሱዳን ጦርነት ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. ሲፈነዳ አምዱርማን ያለው የአገሪቱ ብሔራዊ ሬዲዮና ቴሌቪዥን ሕንፃ በፈጥኖ ደራሽ ኃይሉ እጅ ገባ፤ የመንግሥት ጦር ያስለቀቀው በመጋቢት 2016 ነው። በእነዚያ ወራት ሱዳናውያን ከሌላው መከራ ጋር ስለ ቴፖቹ ሲጨነቁ ነበር፤ የወርዲ ትውልድ በሙሉ እዚያ ግቢ ውስጥ ነበርና። ጭንቀቱ የአሶሳም ነበር፤ ወጣትነቷን ያሰማት ጣቢያ ነው። እኛም ከዚህ የራቅን አይደለንም። በመተከልና በካማሺ ከ2011 ዓ.ም. ወዲህ በነበሩት ግጭቶች ብዙ ሕዝብ ተፈናቅሏል፤ ሰው ሲፈናቀል ደግሞ አንድ ላይ ሲጫወት የነበረ ቡድን ይበተናል። ዋዛ ደግሞ ተበትኖ አይነፋም።

እንግዲህ የሚጠየቀው ይህ ነው። የኢትዮጵያ ቴሌቪዥንን የሚያስተዳድረው ኢቢሲ ከዚህ አካባቢ የተቀረጸውን ሁሉ፣ በወለጋና በጎጃም ስም የተቀመጠውን ጨምሮ፣ ለይቶ ቅጂውን ወደ አሶሳ ይላክ። ተቀባይ አለ፤ የክልሉ ብዙኃን መገናኛ አለ፣ የባህልና ቱሪዝም ቢሮ አለ፣ አሶሳ ዩኒቨርሲቲ አለ። የአንድ ክልል የብዙ ዓመት ቀረጻ ዛሬ በጥቂት ሀርድ ዲስኮች ይገባልና ክብደቱ ሰበብ አይሆንም። ቅጂው ሲደርስ የመጀመሪያው ሥራ ማስተላለፍ ሳይሆን ማሳየት መሆን አለበት፤ ሽማግሌዎችና እናቶች በተሰበሰቡበት በየመንደሩ አጫውቶ «ይህ ማን ነው? ይቺ የማን ልጅ ናት? ዜማው የምን ነው?» ብሎ መጠየቅና መልሱን መጻፍ። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996 ለከዋኞችም መብት ሰጥቷል፤ ስሙ ያልተጻፈ ከዋኝ ግን ያን መብት በምን ይጠይቃል? ከዚያ በኋላ ይተላለፍ፤ ብሪታንያውያን እንዳደረጉት በየሳምንቱ፣ በተቀረጸበት ቅደም ተከተል፣ ከነስሙ።

ከዚህ ጋር የሚሄድ ሌላም ሥራ አለ፤ እሱ የማንንም ማኅደር ፈቃድ አይጠብቅም። በኩርሙክ ተሻግረው ኡራ በተባለው ጣቢያ ከተጠለሉት ሱዳናውያን ብዙዎቹ የጥቁር ዓባይ ግዛት ሰዎች ናቸው። በርታ በድንበሩ በሁለቱም በኩል የሚኖር ሕዝብ ነው፤ ዋዛም እንዲሁ። ከእነዚህ ስደተኞች መካከል ሲነፉ የኖሩ፣ አምዱርማን የቀረጻቸው ሰዎች ሊኖሩ ይችላሉ፤ ቀረጻቸው ተርፎ ይሁን አይሁን እነሱም አያውቁም። አሶሳ ውስጥ ካሜራ ያለው ጣቢያ አለ። መንገዱም የአሶሳ ዞን መንገድ ነው። ጋዜጠኞቹ ዛሬ ሄደው ስማቸውን ይጠይቁ፣ ሙሉውን ጨዋታ ሳይቆርጡ ይቅረጹ፣ አንድ ቅጂም ለነፊዎቹ በፍላሽ ይስጡ።